የተራራው ዘብ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እማዬ «የማታየው ሰው ሲጠራህ አቤት እንዳትል» ስትለኝ እስቅባት ነበር። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቄ ጓደኛዬን ቢኒን የምጠራው፣ «አቤት» ሲል በሳቅ የምፈርሰው እኔ ራሴ ነኛ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግን ጫካው «ናቲ» አለኝ። ቢኒ ብድሩን የመለሰ መስሎኝ «አቤት፣ አንተ ፈሪ» አልኩ።

ባሕር ዛፎቹ ሥሮቻቸውን ከአፈር መዘው እንደ ወታደር ተሰለፉ። ቅጠላቸው ሁሉ እንደ ጦር ጫፍ አበራ። አስተማሪ ዝም ማሰኘት ያቃተው አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ጢማቸው ጉም የሆነ ሽማግሌ አለቃቸው ጎንበስ ብለው «አቤት ያለ የተራራው ዘብ ነው። ቅዳሜ ትገባለህ» አሉኝ።

«አባባ፣ የቤት ሥራ አለብኝ እኮ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ጥራ። አቤት ካለ በአንተ ፈንታ እሱን እንወስዳለን።»

ቢኒ ከታች መንገዱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን ያስራል። ሲጠሩት ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ነው አቤት የሚለው።

ስሙ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩትና በፉጨት ጠራሁት።

ቢኒ ሲደርስ ዛፎቹ ቦታቸው ተመልሰዋል። «ምነው ገረጣህ?» አለኝ።

«ርቦኝ ነው።»

ሽማግሌው የዘብነትህ ምልክት ነው ብለው የሰጡኝ ቅጠል ኪሴ ውስጥ አሁንም ያበራል። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።