«የቆመ መኪና ሞተሩን ያጥፋ» ሲሉ የኖሩት መምህር አንሙት ቻላቸው ዕረፍት

የደባርቅና የዳባት የቴክኒክ መምህራን መረዳጃ ማኅበር የነባር አባሉን የመምህር አንሙት ቻላቸውን ዕረፍት የሚያስታውቀው በጥልቅ ኀዘን፣ እውነቱን ለመናገርም በብስጭት ጭምር ነው። የአውቶ መካኒክ መምህሩ ባደረባቸው ሕመም በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ብስጭቱ ከምን እንደመጣ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ደባርቅ ብርድ ናት። የናፍጣ ሞተር በጠዋት አልነሣም ስለሚል፣ ወደ ጎንደርና ወደ ዛሪማ የሚሄዱ አውቶቡሶች ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሞተር አስነሥተው መናኸሪያው ውስጥ ሲያጓሩ ይቆያሉ። ጭሱ የሚገባው ወደ ቲኬት መቁረጫዋ ክፍል ነው። በዚያች ክፍል የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ሰብሌ ክንዴ አሥራ ስድስት ዓመት ቲኬት ቆርጠዋል፤ ስምንቱን ዓመት እያሳሉ።

በ2010 ዓ.ም. መምህር አንሙት በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው ሠሩ። በቱቦ ውስጥ ባለ ጋዝ ላይ ብርሃን ቦግ እልም ሲል ጋዙ ይሞቃል፣ መልሶ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ድምፁን ማይክሮፎን ይሰማዋል፤ ድምፁ ከበረታ ጋዙ በዝቷል ማለት ነው። ነገር ግን መናኸሪያ ውስጥ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጭሱን በከረጢት አፍነው ወደ ትምህርት ቤት ይወስዱ ነበር። «መምህሩ ጭስ ሸምተው መጡ» እየተባለ ተቀለደባቸው። ከቀላጆቹ መካከል የዚህ ማኅበር አባላትም እንደነበርን አንክድም።

በ2012 ዓ.ም. ውጤቱን ይመለከተዋል ለተባለው ጽሕፈት ቤት አቀረቡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆመ መኪና ሞተሩን ያጥፋ። የተሰጣቸው መልስ ባለቤትዎ እዚያ ስለሚሠሩ የጥቅም ግጭት አለብዎት የሚል ሆነ። ሰው ለሚስቱ ሳንባ ካልተቆረቆረ ለማን ሊቆረቆር ኖሯል?

በ2015 ዓ.ም. አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የሚለካበትን ቀን አስቀድሞ በማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሰዓቱንም ረፋድ አራት ሰዓት አደረገው። አውቶቡሶቹ ከወጡ በኋላ መሆኑ ነው! ባዶ ግቢ ተለካና አየሩ ንጹሕ ነው ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ የማኅበራችን ሊቀ መንበርም ፈርመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማኅበሩ የሚጮኸው ዛሬ ነው።

በቀብራቸው ዕለት ለቀስተኛ ያመጡ አራት አውቶቡሶች እንደ ልማዳቸው ሞተር አስነሥተው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሙ። ጸሎተ ፍትሐቱ አልሰማ አለ። በዚህ ጊዜ የዳባት መስመር ሹፌር አቶ ገዱ ወርደው ለባልደረቦቻቸው «ሞተር አጥፉ፤ ዛሬ እንኳ እሺ እንበላቸው» አሉ። ሁሉም አጠፉ። ከቀብር በኋላ ሁለቱ አውቶቡሶች አልነሣ ብለው ካህናቱ ሳይቀሩ ቁልቁል ገፋናቸው፤ ተነሡ። በመግፋት የተጎዳ ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሞተሩ ከጠፋ አይነሣም፤ አይቻልም» ሲባል የኖረው ይኸው ነበር።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው እንደ ወትሮው ጨሰ። ወይዘሮ ሰብሌ ከኀዘን ሲነሡ የሚመለሱት ወደዚያችው ክፍል ነው።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሰብሌ፣ ለልጃቸው ለሕሊና አንሙት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። በቲኬቱ መስኮት በኩል ጎንበስ ብላችሁ «እግዜር ያጥናዎት» ልትሏቸው የምትመጡ ሹፌሮች ግን፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ።