ሰላም ከማለቴ በፊት

ታኅሣሥ 3 ቀን 1978

ናዝሬት ዛሬም ንፋስ ነው። አቧራው በበሩ ስር ገብቶ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ተኝቷል። ወንድሜ አብተው ወደ ጋራዡ ከመሄዱ በፊት ተሸክሞ በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። ለምሳ ሲመጣ ወደ ጥላው አዞረኝ፤ ማታ መልሶ አስገባኝ። በሁሩታ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ተገልብጦ እግሬ ሽባ ሆኖ ከቀረ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሦስት ዓመት እንደ ጆንያ…

ሳስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተሩ አቶ ደገፋ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የጻፉት ግን ቁርጥ ያለ ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር በራሴ ሄጄ በራሴ መመለስ ከቻልኩ አራተኛ «ለ» ክፍል የኔ ነው። ካልቻልኩ ጡረታ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ጡረታ… ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ታኅሣሥ 10

ባለጎማው ወንበር መጣ። ሆስፒታል ሳለሁ ያስታመመችኝ ስዊድናዊቷ ነርስ ናት ከአገሯ የላከችልኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተሰበሰብን ስንጸልይበት የነበረ ጉዳይ ነው። በባትሪ ነው የሚሄደው። ቀኝ የክንድ መደገፊያው ላይ አውራ ጣት የምታክል ዱላ አለች። ወደፊት ሲገፏት ይሄዳል፣ ወደ ጎን ሲገፏት ይዞራል፣ ሲለቋት ይቆማል። አጠገቧ ማብሪያ ማጥፊያ። መመሪያው በስዊድንኛ ስለሆነ ሥዕሉን እያየን እንገምታለን።

ጎረቤታችን ጂብሪል፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ሽቦዎቹን አገናኘ። «ቀስ በይ፣ መምህርት» አለኝ። ነካ ባደርጋት ዶሮ ቤት ውስጥ ገባሁ። አንድ እንቁላል ተሰበረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያኛው አልደረሰበትም።

ታኅሣሥ 16

አብተው እንደ ከባድ መኪና ነው የሚያስተምረኝ። «ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ማንም እንዳይነካብሽ፤ ከተፈታ ፍሬን የለሽም።» «ደጃፉ ላይ ባነጠፍኩልሽ ሳንቃ ስትወጪ እንዳትዞሪ።» «ነጠላሽን ሰብስቢ።» ይሄ እንኳ እውነቱን ነው። ትናንት ግማሹን ነጠላ ጎማው በላው።

ከሁሉ የሚያስፈራው አስፋልቱ ነው። «የአሰብ ተሳቢ የሚነዳ ሰው ከላይ ሆኖ አንቺን አያይሽም። አይቶኛል ብለሽ እንዳትሻገሪ» አለኝ። ከጀርባዬ በረጅም ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረልኝ። ጂብሪል አይቶ «ፓርቲ ገባሽ እንዴ?» አለ። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 20

መብራት የለም። ባትሪው አልሞላም። ቀኑን ሙሉ ባለሁበት።

ጥር 3

አስፋልቱን ተሻገርኩ። አብተው ከኋላ ከኋላዬ። ጋሪዎቹ ቆሙልኝ፤ ፈረሶቹ ግን ደነበሩ። ሰው ሁሉ ሊገፋኝ ይሮጣል። «ኧረ በሞቴ፣ እኛ እያለን…» አትግፉኝ ብሎ ማስረዳት ከመንዳቱ ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀብኝ። እራት ቀርቦ እኔ ይህን እጽፋለሁ። ደስታ ነው መሰለኝ።

ጥር 8

ምነው ባልወጣሁ።

ኦቦ ፈይሳ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ደገፋ «እሳቸው አይተው ይመስክሩልሽ» ያሉኝ እሳቸውን ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ አገኘኋቸው። ቆምኩ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንደምን አለሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፣ በግራዬ ክርኔን ደግፌ ዝቅ አልኩ፣ እንደ ደንቡ። ወንበሩ ብድግ ብሎ እግራቸው ላይ ወጣ። ከዘራቸው ወደ ቦዩ፣ እሳቸው ወደ ግድግዳው… ጣታቸው ደማ።

ሰው ተሰበሰበ። «ድሮስ ሰው በኤሌክትሪክ ይሄዳል?» አለች አንዷ። ቤት ስንደርስ አብተው የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። አለቀስኩ። ለሳቸው እግር ነው ወይስ ለክፍሌ? ለሁለቱም።

ጥር 9

ገመዱ ከአብተው ጋር ጋራዥ ዋለ። እኔ ወንበሩ ላይ ዋልኩ። ሳልነካው እንዴት ተነሣ? እሱን ሳስብ ዋልኩ።

ሰላምታውን ደገምኩት። እጄን ዘረጋሁ፣ ዝቅ አልኩ… አገኘሁት። ግራ እጄ ክርኔን ሊደግፍ ሲሻገር ዱላዋን ያገኛታል፤ ዝቅ ስል ወደፊት ይገፋታል። አክብሮቴ ነው ሰውዬውን የገጨው። ስዊድኖች እንዲህ ሰላም አይባባሉም መሰለኝ፤ ሥዕሉ ላይ የለም።

ጂብሪልን ዱላዋን ወደ ግራ አዙርልኝ አልኩት። ሽቦው አይደርስም፣ ብቀጥለውም አላምነውም አለ። ታዲያ ምን ይሻላል? ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እጄን ልሰብስብ? አሳዳጊ የበደላት ልባል?

ጥር 12

ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው መጡ። እያነከሱ፣ ጣታቸው እንዲያርፍ የጫማቸውን አፍ ቀደው። ይቅርታ ልጠይቅ መሄድ የነበረብኝ እኔ… መሬት መሬቱን አየሁ።

«ጣቱ ይድናል» አሉኝ። «አንቺ ለምን አትወጪም?»

ክርኔን አሳየኋቸው፣ ዱላዋን አሳየኋቸው። «እኛ አርሲ ላይ፣ በፈረስ ሆነን ሽማግሌ ካገኘን እንወርዳለን» አሉ። «ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሰላም የሚል ጋጠወጥ ነው። አንቺ መውረድ አትችዪም። ወንበሩን ማጥፋት ግን ትችያለሽ።»

«ሰው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀኝ?»

«ይጠብቃ። ያከበርሽው አጥፍተሽ ስትጨብጪው ነው።»

ወደ አብተው ዞረው «ገመዷን ስጣት» አሉት። ሰጠኝ። ሸክሙ ወረደልኝ። እኔ እኮ ተቀይመውኝ ነበር የመሰለኝ።

ጥር 16

ግቢ ውስጥ የሰላምታ ልምምድ። አብተው ሽማግሌ ሆነ፤ ጂብሪል ነጠላዬን ተከናንቦ ባልቴት። መቆም፣ ማጥፋት፣ ከዚያ እጅ መዘርጋት። ማጥፋቱን ስረሳ ጂብሪል «ወይኔ እግሬን» ይላል። አራት ጊዜ ረሳሁ። ከዚያ ሠላሳ ጊዜ ሳልረሳ። አብተው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው…

ጥር 23

ፈተናዬ ነበር። እኔ ከፊት፣ አቶ ደገፋና ኦቦ ፈይሳ ከኋላ። መቼም ናዝሬት ላይ ሰላም ሳይሉ መንገድ መጨረስ የለም። ሃያ ሁለት ሰው ሰላም አልኩ፤ ሃያ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ።

አስፋልቱ ጋ ተሳቢ መጣ፤ ጠበቅኩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… ጠበቅኩ። አቶ ደገፋ ሰዓታቸውን አዩ። «ተዋት፣ ትጠብቅ» አሏቸው ኦቦ ፈይሳ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቶ ደገፋ በድንገት እጃቸውን ዘረጉልኝ። መጀመሪያ አጠፋሁ፣ ቀጥዬ ጨበጥኳቸው። «ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ሁለት ሰዓት» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ ቃል የለኝም።

የካቲት 3

ሰባ ሁለት ልጆች። ክፍልፋይ አስተማርኩ። ጥቁር ሰሌዳውን እስከ ግማሹ ነው የምደርስበት፤ ግማሹ ይበቃል። መጀመሪያ ልጆቹ ጎማዬን ነበር የሚያዩት። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጎማውን ረስተው እርስ በርስ መኮራረጅ ጀመሩ። ያኔ አስተማሪ መሆኔ ገባኝ።

ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ። መስቀለኛው ጋ ስደርስ ወደ ባቡር ጣቢያው ታጠፍኩ። ለምን? እንጃ። ዛፍ ስር ቆምኩ። የድሬዳዋው ባቡር ገባ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ብርቱካን ገዝቼ በላሁ። መሄድ ሲያሰኘኝ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አብተው በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ያለሁት ያስቀመጡኝ ቦታ ነዋ። ቁጣው እንዴት እንደጣመኝ።

«ዞር ዞር ስል ነበር» አልኩት።