ከጥላ የወጡ ችግኞች

ሰኞ፣ ግንቦት 2
ውሃ አጠጣሁ፣ አረም ነቀልኩ። ወገቤ ተቆርጧል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀረው... ከዚያ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ ሰው ይሉኛል።
ጋሼ አትክልተኛው ከፀሐይ መከለያው መረብ ሥር ያሉትን አራት መቶ ችግኞች አሳዩኝ። እናት ዛፏ አምና ወድቃለች፣ ሌላ ዘር የለም። ጥላ ውስጥ ስላደጉ መረቡ በአንዴ አይነሳም። ዛሬ ለግማሽ ሰዓት፣ ነገ ጨመር... አዲሱ ቅጠል ቀላ ብሎ የሚወጣው ከፀሐይ ራሱን ሲከላከል ነው አሉኝ። "ቅጠል ብርሃን ይበላል ልጄ። ከጠገበ በኋላ ግን ብርሃኑ ይበላዋል።"

ረቡዕ፣ ግንቦት 4
ጋሼ ሚስታቸውን ሐኪም ቤት ሊወስዱ ሹልክ አሉ። ሳያስፈቅዱ። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሲጠየቅ ፊቱ እሬት ነው። "አደራ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ግለጪ፣ ሦስት ሰዓት ላይ መልሺ።"
ገለጥኩ። ደመና ነበር። በደመና ምን ይሆናሉ ብዬ ሳልመልሰው ወደ ማዶው መደብ ሄድኩ። ቀና ስል ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሮጬ ስደርስ ቅጠሉ ሁሉ ከፀሐይ ዘወር ለማለት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እነሱ የቻሉትን አድርገዋል...
መረቡን መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5
ነጥተዋል። አረንጓዴ የሚባል የለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7
ደርቀው ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። የተረፈው አሥራ አንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰበሰበን።
"ረቡዕ የት ነበርክ?" ጋሼን ነው።
"ሐኪም ቤት።"
"ማን ፈቀደልህ? እነዚህን ለማን ትተህ ሄድክ?"
ጋሼ ስሜን አልጠሩም። ወደ እኔ እንኳ አላዩም። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩበትን ግቢ በአሥር ደቂቃ ለቀው ወጡ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12
ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ተኝተዋል፣ እሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ።
"ጋሼ፣ መረቡን የረሳሁት እኔ ነኝ።"
"አውቃለሁ።"
"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"
"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።"
ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ። ነገ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 13
ቢሮው ገባሁ። አፌን ሳልከፍት ደብዳቤ ሰጠኝ። ቋሚ ሆኛለሁ፣ በጋሼ ቦታም ተመድቤያለሁ።
"ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር?" አለኝ።
"የለም" አልኩት። ፈረምኩ።