አንደኛውን ተጫን

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ለግትሩ ታናሽ ወንድሜ፣

ትኬትህ መቆረጡን እማማ በስልክ ስትነግረኝ እልል ማለት ነበረብኝ፤ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። ሳትመጣ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ለእማማ ግን ትንፍሽ እንዳትል።

«ቢሮ አስገቡኝ» ያልኳችሁ ውሸት ነው። እግሮቼ የሉም። ሁለቱም፣ ከጉልበት በታች። ግንባታው ላይ አራተኛ ፎቅ ስሠራ የደህንነት ገመዱ አጥሮ ጥጉ ጋ አላደርስ አለኝ፤ አለቃችን ፎርማኑ «ፍታውና ድረስ፣ ምን ይጎትትሃል!» ብሎ ጮኸብኝ። የቀበቶዬን መንጠቆ ፈታሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ድሮ የደህንነት ስልጠናው በማናውቀው ቋንቋ ነበር፤ ጭንቅላታችንን ነቅንቀን እንፈርማለን። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አምጥተዋል፤ ሁሉንም በየቋንቋው ያስተምራል። እኛ «ጋሼ አዋቂ» እንለዋለን። አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አይቆጣም። ሐቁን ልንገርህ፣ እሱ ከመጣ ወዲህ አንድም ሰው አልወደቀም።

ታዲያ በእኛ ቋንቋ የሚያስተምረው በእኔ ድምፅ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ድምፄን ለመቅዳት ለአንድ ሰዓት ያህል ጋዜጣ አስነበቡኝ፤ የቀረውን ራሱ ይናገራል። አወዳደቄንም በቪዲዮ ሠርቶታል። መጀመሪያ መንጠቆውን ሳስር ያሳያል፤ በሰላም ወርጄ ምሳዬን እበላለሁ። ይቺን ስንት ጊዜ አየኋት መሰለህ! ቀጥሎ እወድቃለሁ። «መንጠቆውን ማሰር ዘነጋሁ» ይላል ድምፄ። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ፎርማኑ ቪዲዮው ውስጥ የለም። ኃላፊዎቹን ብጠይቅ «ማሽኑ የሚያውቀው የተሰጠውን ሪፖርት ነው» አሉኝ። ሪፖርቱን የጻፈው ራሱ ፎርማኑ ነው።

የመጀመሪያ ቀንህ ይህንኑ ታያለህ። መጨረሻ ላይ ይጠይቅሃል፦ ጥፋቱ የማን ነው? አንደኛ፣ የሠራተኛው። ሁለተኛ፣ የአለቃው። ሦስተኛ፣ የማንም። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የሥራ መግቢያ ባጅ አያገኝም፣ በመጣበት ይመለሳል። አንተ ደግሞ ለአንድ ማርክ ከአስተማሪ ተጣልተህ ትምህርት ያቋረጥክ ሰው ነህ። እባክህ፣ እዚህ ጀግና አትሁንብኝ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ከተመለስን እማማን ማን ይጦራታል? አንደኛውን ተጫን።

እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነኝ። አዲስ ገቢዎቹ እንዲፈሩ ስክሪኑ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ያስቀምጡኛል፤ ሠራተኛ ማደሪያው ውስጥ አልጋዬን የተዉልኝም ለዚሁ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ «አይ ዝንጉ!» ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። አንተ ስትገባ እንደማታውቀኝ ሁን። ስትጫን ስክሪኑን እይ፣ እኔን አትይ።

እማማ በአንተ እጅ ጫማ ልትልክልኝ ነው አሉ። ደስ ብሎህ ተቀበላት። ቁጥራችን አንድ ነው፣ አንተ አድርገው።

በሰላም ያግባህ፤ እንቅፋት እንኳ አይምታህ፣ ወንድምዬ። ከተጫንክ በኋላ ጭብጨባ ትሰማለህ፤ እንዳትደነግጥ። ለሚያልፍ ሁሉ ማጨብጨብ የእኔ ሥራ ነው።

ታላቅህ