የናዒማ ቁምሳጥን

ስርጉትዬ፣

የጅቡቲ ሙቀት ድሬዳዋን ደጋ አስመሰለብኝ። የመጣሁበት ሥልጠና ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የሐረር ልጅ የሆነችው ናዒማ፣ የሚያማምሩ የልጆች መጻሕፍት አሏት፤ ግን እንዳይጠፉባት ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። «እናንተስ ድሬዳዋ ትምህርት ቤታችሁ እንዴት ታውሳላችሁ?» አለችኝ።

ያንቺን ዘዴ ነገርኳት፤ መጽሐፉን በልጁ ሳይሆን በእናቱ ስም እንደምናውስ፣ እናቶቹም አደራ ስለሚሆንባቸው በሻሽ ጠቅልለው ራሳቸው እንደሚመልሱ። «የማን ሐሳብ ነው?» ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ «የጓደኛዬ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ስንገባ ቁምሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የካርቲየው እናቶች ከፊቱ ቆመው መጽሐፍ ይመርጣሉ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ለእናቶቻቸው ደግሞ እዚህ ጅቡቲ ባሕሩ ድረስ ተምሳሌት እንደሆኑ ንገሪልኝ።

ሐምዲያ