ዝንቧ ከአባዬ ማንጎ ስር

ግንቦት 28፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የዝንብ ወጥመዱን አየሁ። ያው ዝንብ፣ ከትናንት የባሰ። ቁልቋሉ ላይ ያለው ድራጎን ፍሩት ግማሹ ቀልቷል፤ የሚቀጥለው አርብ በአውሮፕላን መሄድ አለበት። የአ.አ. ገዢዬ ደወለ። ባለፈው ከላክሁት ውስጥ ትል ተገኝቷል። አንዴ ከተደገመ ሌላ ገዢ ፈልጊ ነው ያለኝ። ከየት ላምጣ? ጋምቤላ ውስጥ ይህን የሚገዛኝ የለም። መንደሩ እንደሆነ "የሰይድ ልጅ ቁልቋል" እያለ ይስቅብኛል። በቆሎዬን ነቅዬ የተከልኩት እኔው ነኝ፣ ይሳቁ።

ግንቦት 29

የግብርና ባለሙያው መጣ። ዞሮ ዞሮ የአባዬ ማንጎ ስር ቆመ። ዝንቧ የምትፈለፈለው እዚህ፣ የወደቀው ማንጎ ውስጥ ነው፤ እየለቀምሽ ቅበሪው አለ። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ወገቤን ቆረጠኝ። አባዬ ቁፋሮውን ሰምቶ ወጣ፣ ጉድጓዱን በምርኩዙ ነካክቶ ተመለሰ።

ሰኔ 1

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። የሰይድ ልጅ ከልጆች አፍ ነጥቃ ምግብ ትቀብራለች ይላሉ። ጎረቤቴ አጁሉ መጣች፣ ተቀመጪ ብላት እምቢ። በኢታንግ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ከዚያ ዛፍ ስር ለቅሞ ይበላል፤ ልጆቿም እዚያው ነው ያደጉት። "አንቺ ምግብ ቀበርሽ? ሰው እያለ?" ብላኝ ሄደች። ስለ ዝንቧ ላስረዳ አፌን ስከፍት ጀርባዋን አየሁ። እኔ ንፉግ ተባልኩ። ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ማታ አባዬ ተናገረ። በሰፈራ በመጣን ዓመት፣ እኔ ጡት ሳልጥል፣ እናቴ በወባ ስትሞት ነው ዛፉን የተከለው። የእሷ ሰደቃ ነው፤ ሰደቃ ደግሞ አይቀበርም አለ።

ሰኔ 3

ከራሴ ፍሬ አንዱን ሰነጠቅኩ። ትል። ሌላ ሰነጠቅኩ። ትል። የሞተር መጋዝ ላለው ሰው ደወልኩ፣ ማንጎውን ሊቆርጥ ነገ ይመጣል። ለማንም አልተናገርኩም። አባዬ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ መስገጃውን ዛፉ ስር አንጥፎ ተቀምጧል። ግባ ብለው አይገባም። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነው እኮ፣ ደብተሬ። ግን አባቴ በተቀመጠበት መጋዝ ላስነሳ?

ሰኔ 4

ባለመጋዙ መጣ። አባዬ ከመስገጃው ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ደሜ ፈላ። ከወደቀው ማንጎ ደህና የሚመስለውን አነሳሁ፣ አባዬ ፊት ሰነጠቅኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። በጣቱ ዳሰሰው። ትሉ ተንቀሳቀሰ።

ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ከካቻምና አልኩት። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ልጆቹ ትሉን አራግፈው ነው የሚበሉት። ለእሱ የነገረው የለም። እኔም አልነገርኩትም።

"በእናትሽ ስም ለሰው ትል ሳበላ ነው የኖርኩት?"

ባለመጋዙን መለስኩት። ቆይቶ አባዬ ራሱ አዘዘ፦ ዛፉ አይቆረጥም፤ ያለው ፍሬ ሳይበስል፣ ዝንቧ ሳትደርስበት ይውረድና ለሰው ይታደል። ነገ አጁሉን ከነልጆቿ እጠራለሁ። ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ማን ይጠላል። ለገዢውም ደወልኩ። ትል አለበት፣ ዝንቧን እስካጠፋ የአርቡንም አልልክም አልኩት። ይጠብቀኝ አይጠብቀኝ አላውቅም።

የፈለግሁት ሆነ፣ ዝንቧ መፈልፈያ ታጣለች። አባዬ ግን እራቱን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምነው ያን ማንጎ ሳስይዘው እጄን በቆረጠው።