ሥራቸውን ለሁሉ የፈቀዱት የአቶ ደምለው ምናለ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምለው ምናለ ከአባታቸው ከአቶ ምናለ የኋላሸት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የኔአለም ድረስ በሮብ ገበያ ከተማ በ1966 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በ1990 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቁ። ከዚያም ደብረ ማርቆስ ተመልሰው ለዓመታት አስተማሩ። የጻፉትን ኮድ ከሰሌዳው ላይ ሳያጠፉ መውጣት ልማዳቸው ነበር፤ ቀጥሎ የሚገባው መምህር በዚህ ዘወትር ይነጫነጭባቸው ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ የብርጓል ውበቱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሂዊን እና ዘመነን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. መምህርነቱን ትተው ከሉማሜው ነጋዴ ከወዳጃቸው ከአቶ ሙዓዊያ ሐምዱ ጋር በሽርክና የኮምፒውተር ሱቅ ከፈቱ። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ሥርጭትን የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሠሩ። ሲጨርሱ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ፈቅደው ኮዱን በኢንተርኔት ለቀቁት። ግዴታው የሠሪው ስም እንዳይፋቅ፣ አሻሽሎ የሚያሰራጭም ማሻሻያውን ለሌላው ክፍት እንዲያደርግ ብቻ ነበር።

አቶ ሙዓዊያ ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ። «ካፒታሉን ያዋጣሁት እኮ እንድንነግድበት ነው! አእምሮህ ያፈራው ንብረትህ አይደለም እንዴ? በነጻ በትነኸው በምን ልንኖር ነው?»

አቶ ደምለውም «ንብረቴማ ነው፤ ንብረቴ ስለሆነ ነው መፍቀድ የቻልኩት። ተከላውን፣ ሥልጠናውን፣ ጥገናውን እንሸጣለን። ሌላው እንዳይማርበት ግን አላጥርበትም» አሏቸው። ለወራት ተኳረፉ፤ ሱቁ ግን ሥራ አላጣም።

በ2014 ዓ.ም. ስሙን ማንሳት የማያስፈልግ አንድ ድርጅት ስማቸውን ፍቆ ሶፍትዌሩን የራሱ አስመስሎ መሸጥ ጀመረ። ይባስ ብሎ ማኅበራቱን «ንብረታችንን ያለ ፈቃድ ትጠቀማላችሁና እንከሳለን» ሲል አስፈራራ። ማኅበራቱ ፈርተው፣ ማዳበሪያ በሚታደልበት ሰሞን ኮምፒውተራቸውን ዘጉ፤ ገበሬውም ተጉላላ። አቶ ደምለውን ከሁሉ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። «ምነው ቆልፌ ባስቀመጥኩት ኖሮ!» ሲሉ የተሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ደምለው ድርጅቱን ከሰሱና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የድርጅቱ ጠበቃ «በነጻ ከሰጡ በኋላ ምን መብት ቀራቸው?» ብሎ ሲከራከር፣ ለምስክርነት የቆሙት አቶ ሙዓዊያ ነበሩ። «በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የተጣላሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያለውን አልረሳም። ተጠቀሙበት አለ እንጂ የእኔ አይደለም አላለም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ዳኛውም ፈገግ አሉ። ለሌላው የተፈቀደውን ሥራ ከነጣቂ ያስጣለው ያው «ንብረቴ» ያሉት የቅጂ መብት ሆነ። ድርጅቱ ስማቸውን ሊመልስ፣ ማሻሻያውንም ክፍት ሊያደርግ ተስማማ። አቶ ደምለው መሸጡን ይከልከል አላሉም። ማኅበራቱ ሥራቸውን ሲቀጥሉ ከትከሻቸው ሸክም የወረደላቸው ያህል ቀለላቸው፤ ከአቶ ሙዓዊያ ጋር ሆነውም የድርጅቱን ማሻሻያ በሱቃቸው እየሳቁ ጫኑት።

አቶ ደምለው በልብ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ሕመሙ አስጨንቋቸው ነበርና ትንፋሻቸው ሲረጋ ወ/ሮ የብርጓል ከማልቀሳቸው በፊት እጃቸውን ይዘው «እፎይ በል እንግዲህ» አሏቸው።

ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ ወንድማቸው አቶ ድረስ ምናለ ከኀዘንተኞቹ ጋር ናቸው። እግዚአብሔር ድካም በሌለበት ስፍራ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን። አሜን።